«ቡልዶግ ራጅ አያስፈልገውም» ለሚሉ፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው እዚህ አሜሪካ የሚኖሩ፣ የእንግሊዝ ቡልዶግ የሚያረቡ ወገናችን ናቸው። ዋና ሐሳባቸው አጭር ነው። ቡልዶግን ከማዳቀል በፊት ዳሌውን ራጅ ማስነሳትና የጉልበቱን ሎሚ ማስመርመር ትርፉ ልፋትና ወጪ ነው ይላሉ። ምክንያታቸውንም ይዘረዝራሉ። ቡልዶግ ተፈጥሮው ነው፤ በሌላ ውሻ ሚዛን አይመዘንም። ውሾቼ ሲሮጡ በዓይኔ አያለሁ። ማደንዘዣ ለቡልዶግ አደገኛ ነው። የዳሌ ችግር ከምግብ እንጂ ከዘር አይመጣም። የተመረመሩ ወላጆችም ታማሚ ቡችላ ይወልዳሉ። የዲኤንኤ ምርመራ ይበቃል። ሁሉንም በራጅ ካጣራን ደግሞ ዘሩ ራሱ ይጠፋል።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ውሾቻቸውን እንደሚወዱ ያስታውቃል። አንዳንዱ ነጥባቸውም እውነት አለው፤ እሱን አልክድም። ግን መደምደሚያቸውን አምኖ አንድ ሰው እንኳ ያልተመረመሩ ሁለት ውሾች ቢያዳቅል፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱት ቡችሎች ናቸው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስንት ቡልዶግ አቅፌ ራጅ ጠረጴዛ ላይ እንዳጋደምኩ ቆጥሬ አላውቅም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ተፈጥሮው ነው»

ከዚህ ልጀምር። የሌሎቹ ሁሉ ሥር ይኸው ነውና።

ቡልዶግን እንዲህ አድርጎ የሠራው ሰው ነው። ድሮ በእንግሊዝ አገር በሬ ላይ ይለቀቅ የነበረው ውሻ እግሩ ረዘም፣ ሰውነቱ ቀለል ያለ ነበር። በሬው በቀንዱ ሲመጣበት መሸሽ፣ ዞሮም መያዝ ነበረበት። በ1835 ያ ጨካኝ ጨዋታ በሕግ ተከለከለ። በ1875 ለንደን ላይ የቡልዶግ ክለብ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ውሻው የሚመረጠው በመልኩ ሆነ። ጭንቅላቱ ገዘፈ፣ ትከሻው ሰፋ፣ ኋላው ጠበበ፣ ፊቱ አጠረ። ይህ ሁሉ የመጣው አርቢዎች አንዱን ወላጅ እየመረጡ ሌላውን እየተዉ ስለሄዱ ነው። በምርጫ የመጣ ነገር በምርጫ ይሻሻላል።

ዳሌው ውስጥ ምን እንዳለ ለማያውቅ አንባቢ በሙቀጫና በዘነዘና ላስረዳ። የጭን አጥንት ጫፉ ክብ ነው፤ እሱን ዘነዘናው በሉት። ዳሌው ላይ ያ ክብ ጫፍ የሚገባበት ጎድጓዳ አለ፤ እሱን ሙቀጫው በሉት። ሙቀጫው ጥልቅ ከሆነ ዘነዘናው ገጥሞ ይቀመጣል። ሙቀጫው ጥልቀት ካጣ፣ ወይም የሚያያይዛቸው ጅማት ከላላ፣ ዘነዘናው ይዋልላል። የሙቀጫውን ከንፈር እየመታ ይሸርፈዋል፤ ራሱም ይሞረዳል። በመካከል ያለው ልም አጥንት ያልቃል። ሰውነት ደግሞ ውልላቱን ለማርጋት ዙሪያውን ሸካራ አጥንት ያበቅላል። ሂፕ ዲስፕሌዢያ የሚባለው ይህ ነው። ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ደህና ነው። መላላቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሲያድግ ነው።

ጸሐፊው ቡልዶግ በጀርመን ሼፐርድ ሚዛን ተመዝኖ ይወድቃል ይላሉ። አሠራሩ እንዲያ አይደለም። በ1966 የተቋቋመና ሚዙሪ ክፍለ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ የሚገኝ ኦኤፍኤ የሚባል ድርጅት አለ። የውሾችን ዳሌ፣ ክርንና ጉልበት ውጤት የሚመዘግበው እሱ ነው። አንድ የዳሌ ራጅ ሲደርሰው ሦስት የራጅ ሐኪሞች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያነቡታል። ሲያነቡም የውሻውን ዝርያ፣ ጾታና ዕድሜ ያገናዝባሉ። ውጤቱ ሰባት ደረጃ አለው። ሦስቱ የጤነኛ ናቸው፤ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩና ደህና። አንዱ አጠራጣሪ ነው። ቀሪዎቹ ሦስቱ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ጉዳት ናቸው።

ዝርያው ሁሉ ተገናዝቦም ግን ድርጅቱ ከመዘገባቸው ቡልዶጎች ከ10 ሰባት ያህሉ የዳሌ ችግር አለባቸው። ቡልዶግ ከሁሉም ዝርያዎች፣ ፓግ ከሚባለው ፊቱ ያጠረ ትንሽ ውሻ ጋር፣ መጨረሻ ላይ ተሰልፏል። እውነተኛው ሥዕል ከዚህም ሳይከፋ አይቀርም። ክሊኒክ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ራጁ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሐኪሟ ዝም ትላለች። ባለቤቱ ዝምታዋ ይገባውና «በቃ፣ አትላኩት» ይላል። ያ ራጅ የትም አይቆጠርም።

አሁን ጸሐፊው ያላነሱትን ላንሳ። ከ10 ሰባቱ ችግር ካለባቸው ሦስቱስ? ጥሩ ዳሌ ያላቸው ቡልዶጎች አሉ። አይቻቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የመጣች አንዲት ነጭ በቡናማ ሴት ቡልዶግ ትዝ ትለኛለች። ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ጥልቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ጠርዙ እንደ ስኒ አፍ ጥርት ያለ ነው። ሐኪሟ የሌላ ክፍል ሠራተኞችን ሁሉ ጠርታ አሳየቻቸው። የዚህች ውሻ ወንድምና እህት፣ አብረዋት ከአንድ ሆድ የወጡት፣ ከውጭ ሲታዩ ከእሷ አይለዩም። ማን ሰባቱ ውስጥ፣ ማን ሦስቱ ውስጥ እንደሆነ የሚለየው ራጁ ነው።

«ሲሮጡ አያለሁ»

ስለዚህ ነጥብ ረጋ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም እኔም በዚህ ተሸንግያለሁ።

ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጃምቦ የሚባል ቡልዶግ ነበረኝ። በአሥር ሳምንቱ ነው የገዛሁት። ዋጋው ብዙ ወር ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር። ሻጩ ወላጆቹ በሐኪም ታይተዋል አለኝ። እኔም አመንኩ። ጃምቦ ይሮጥ ነበር። ኳስ ሲያይ የሚይዘው አልነበረም። ሲሮጥ ግን ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ እንደ ጥንቸል ይዘል ነበር። ሲቀመጥ አንድ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ይጋደማል። ሁሉም ቆንጆ ነው አለ። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። ሁለቱም የላላ ዳሌ ምልክት መሆናቸውን ያኔ አላውቅም ነበር።

ሦስት ዓመት ሲሞላው ደረጃ አስቸገረው። አፓርታማችን መግቢያ ላይ ያሉት ደረጃዎች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዷን ይወጣል። ሁለተኛዋ ላይ ይቆምና ዞር ብሎ ያየኛል። አይጮህም፣ አያነክስም። ቆሞ ያየኛል ብቻ። እኔ ሰንፎ ነው ብዬ ገመዱን ሳብ አደርግ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴ ይላወሳል። ራጁ ሲነሳ የሁለቱም ጭኖች ራስ ግማሹ ውጭ ነበር። የጎድጓዳው ከንፈር ተሞርዶ አልቋል። ሻጩ ጋ ደወልኩ። ወላጆቹ የዳሌ ራጅ ተነስተው ነበር ወይ አልኩት። «አልተነሱም፤ ግን ሁለቱም ይሮጣሉ» አለኝ። የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የመጣብኝ ይህ ድምፅ ነው።

ጃምቦ በሰባት ዓመቱ ሞተ። ዕድሜው አነሰ ብዬ አዝን ነበር። በኋላ ግን እንግሊዝ ውስጥ በ2022 የወጣ ጥናት አነበብኩ፤ የእንግሊዝ ቡልዶግ ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ 7.4 ዓመት ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ያወጣው ሌላ ጥናትም አለ። በመረጃው ውስጥ ከነበሩት ቡልዶጎች ስምንት ዓመት ያለፋቸው 9.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ ውሾች ግን 25.4 በመቶ። ለዚህ ምክንያቱ ዳሌ ብቻ አይደለም። ትንፋሹም፣ ቆዳውም፣ ሌላውም አለ። መራመድ ያቃተው ውሻ ግን ይወፍራል። ሲወፍር ትንፋሹ ይብስበታል። ትንፋሹ ሲብስ ጭራሽ አይራመድም። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚያወርደው።

ቡልዶግ ሕመሙን ለምን ይደብቃል? አንደኛ፣ ጡንቻው ወፍራም ነው፤ የላላውን መገጣጠሚያ ለጊዜው ይዞ ያቆየዋል። ሁለተኛ፣ ቻይ ውሻ ነው። ሦስተኛውን ምክንያት ሰው ብዙም አያስበውም፤ ብዙ ቡልዶግ መጀመሪያ የሚያቆመው ትንፋሹ ነው። መቶ ሜትር ሄዶ ሲቀመጥ ባለቤቱ «ደከመው» ይላል። ዳሌው አሞት ይሁን ትንፋሽ አጥሮት ከውጭ መለየት አይቻልም። ልክ ነው፣ ራጁ መጥፎ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ደህና የሚራመድም ውሻ አለ። ይህን ጸሐፊው ቢጠቅሱ እስማማ ነበር። ነገር ግን ለማርባት የምንመርጠው ውሻ ጉዳይ ከራሱ አረማመድ ያልፋል። ቡችሎቹ የእሱን ጡንቻና ቻይነት ሳይወርሱ ዳሌውን ብቻ ሊወርሱ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ተፈጥሮ ራሷ በመጠኑ ታጣራ ነበር። ኋላው ደካማ የሆነ ወንድ ሴቷ ላይ መውጣት አይችልም፤ ዘር አይተካም። ዛሬ አብዛኛው ቡልዶግ የሚዳቀለው በሰው ሠራሽ ዘዴ ነው። የሚወለደውም በኦፕሬሽን ነው፤ በ2010 ታትሞ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ከቡልዶግ ወሊዶች ከ80 በመቶ በላዩ በኦፕሬሽን መሆኑን አሳይቷል። የተፈጥሮን ወንፊት አንስተነዋል። በቦታው ሌላ ወንፊት ማስቀመጥ የእኛ ግዴታ ነው።

«ማደንዘዣ ይገድላቸዋል»

ፍርሃቱ የውሸት አይደለም። ፊቱ ያጠረ ውሻ ሲደነዝዝ ላንቃው ረዥም፣ አፍንጫው ጠባብ በመሆኑ አየር ሊያጥረው ይችላል። የሚያሰጋው ሰዓት ደግሞ በተለይ ሲነቃ ነው። እኛ ቡልዶግ ሲመጣ ከማደንዘዣው በፊት ለደቂቃዎች ኦክስጅን እንሰጠዋለን። ሲነቃ በደረቱ እናስተኛዋለን። ለትንፋሽ ጉሮሮው ውስጥ የገባውን ትቦ ለማውጣት አንቸኩልም። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ምላሱን እያንቀሳቀሰ፣ ትቦውን ራሱ እስኪጠላው ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለቡልዶግ የለመደ ክሊኒክ መምረጥ ያስፈልጋል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ግን ሦስት ነገር ተምታቶባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ምርመራው ሁሉ ማደንዘዣ አይጠይቅም። የጉልበት ሎሚ የሚመረመረው ውሻው ነቅቶ ነው። የኦኤፍኤ የዳሌ ራጅም ሙሉ ማደንዘዣ የግድ አይልም፤ ቀለል ያለ ማረጋጊያ የሚበቃው ውሻ ብዙ ነው። ጥልቅ እንቅልፍ የሚፈልገው ፔንሂፕ የሚባለው ዘዴ ነው። ይህ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ሲሆን ዳሌውን ሳብ አድርጎ ምን ያህል እንደሚላላ በቁጥር ይለካል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ዳሌው የጠበቀ፣ ወደ አንድ ሲጠጋ የላላ ነው። ከ0.3 በታች ከሆነ ዳሌው ወደፊት የመጎዳት ዕድሉ ትንሽ ነው። ጥቅሙ ከ16 ሳምንት ጀምሮ መሥራት መቻሉ ነው። ኦኤፍኤ ግን የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው 24 ወር ለሞላው ውሻ ነው።

ሁለተኛው፣ ቡልዶግ በሕይወቱ ለሌላ ነገር ይደነዝዛል። አፍንጫው ሊሰፋለት፣ ላንቃው ሊያጥርለት፣ ጥርሱ ሊታይ ይመጣል። ያን ቀን ራጁን ደርቦ ማስነሳት ይቻላል። ተጨማሪው ጊዜ ደቂቃዎች ነው።

ሦስተኛውን በአክብሮት ልበለው። ጸሐፊው እዚያው ጽሑፋቸው ውስጥ ሴት ውሾቻቸው በኦፕሬሽን እንደሚወልዱ፣ አንዷም ሦስት ጊዜ እንደወለደች ነግረውናል። ያ ኦፕሬሽን ማደንዘዣ ነው። ያውም ያረገዘች፣ ሆዷ ትንፋሿን የሚጫናት ውሻ ላይ። እናቲቱ ለመውለድ ሦስት ጊዜ ከተደነዘዘች፣ ከመውለዷ በፊት አንዴ ለራጅ መረጋጋቷን አደጋ ብሎ መተው አልተዋጠልኝም።

የራጁ አነሳስም ጭካኔ የሚመስለው አለ። ቀላል አይደለም፣ እውነት ነው። ቡልዶግ በጀርባው ሲተኛ እንደ በርሜል ይንከባለላል። ስለዚህ እንደ ገንዳ በተቦረቦረ ስፖንጅ ውስጥ እናስተኛዋለን። አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ትንፋሹን ይከታተላል። ሁለቱ የኋላ እግሮቹ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ የጉልበት ሎሚዎቹ መሃል ላይ እስኪሆኑ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ዳሌው ትንሽ ካዘነበለ ራጁ ይሳሳታል፤ ይደገማል። ሴት ውሻ ካረገዘች፣ ከወለደች ብዙም ካልቆየች፣ ወይም ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን ከሆነ ቀጠሮውን እናዘገየዋለን። ያኔ ሆርሞኗ ጅማቷን ስለሚያላላ ውጤቱ የእሷ አይሆንም።

ስለ ጉልበት ሎሚ አንድ ቃል

ጸሐፊው ይህን በአንድ መስመር ነው ያለፉት። ለቡልዶግ ግን ከዳሌው አይተናነስም። እኛ አገር የለመደ ወጌሻ በጣቱ ያያል ይባላል። የጉልበት ምርመራም እንዲሁ ነው። ሐኪሟ አንድ እጇን ከጉልበቱ በታች ይዛ እግሩን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። በሌላው አውራ ጣቷ ሎሚውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ትገፋለች። ጤነኛ ሎሚ ጎድጓዳ መስመሩ ውስጥ ይንሸራተታል እንጂ አይወጣም። የላላው «ጠቅ» ብሎ ሲወጣ አጠገቧ ለቆምኩት እንኳ ይሰማኛል። ደረጃው አራት ነው። አንደኛው ሲገፋ ወጥቶ ራሱ ይመለሳል። ሁለተኛው አንዳንዴ ራሱ ይወጣል፤ እስኪመለስም ይቆያል። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ነው፤ በእጅ ይመለሳል። አራተኛው በእጅም አይመለስም። ከ12 ወር ጀምሮ ተመርምሮ ሊመዘገብ ይችላል። ራጅ የለ፣ መርፌ የለ። ይህን እንኳ ላለማድረግ ምን ምክንያት አለ?

«ምግብ ነው እንጂ ዘር አይደለም»

ግማሹ ትክክል ነው። ፑሪና የተባለው የእንስሳት ምግብ ኩባንያ ላብራዶር የሚባል ዝርያ 48 ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል። ቡችሎቹ ጥንድ ጥንድ ተደርገው አንደኛው ከጥንዱ 25 በመቶ ያነሰ ይበላ ነበር። ውጤቱ በ2002 ወጣ። ቀነስ አድርገው የበሉት ግማሾቹ እስከ 13 ዓመት ሲደርሱ፣ ጥንዶቻቸው ግን 11.2 ዓመት ላይ ቀሩ። የመገጣጠሚያ ብግነቱም ቆይቶ ነው የያዛቸው። ስለዚህ ቡችላ አታወፍሩ የሚለውን የጸሐፊውን ምክር እኔም እደግመዋለሁ።

ግን ዘር ከልጓም ይስባል። ምግብ የሚያደርገው በደም የመጣውን ዝንባሌ ማባባስ ወይም ማለዘብ ነው። ደግሞም የሥራ ክፍፍሉን እንየው። ቡችላው በስምንት በአሥር ሳምንቱ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ምግቡም ወለሉም የገዢው ነው። አርቢው እጅ ያለው አንድ ነገር ቢኖር የወላጆቹ ምርጫ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሳህኑ መግፋት ዕዳውን ሁሉ ገዢው ላይ መጣል ይሆናል።

«የተመረመሩትም ታማሚ ይወልዳሉ»

አዎ፣ ይወልዳሉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ብዙ ዘረመል ተደራርቦ የሚሠራው ችግር ስለሆነ ከሁለት ጥሩ ወላጆች መጥፎ ዳሌ ሊወጣ ይችላል። ጥያቄው ግን ስንት ከስንት ነው የሚለው ነው።

ኒው ጀርሲ ሞሪስታውን ውስጥ ሲይንግ አይ የሚባል፣ ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች የሚያሳድግ ድርጅት አለ። ለማርባት የሚመርጣቸውን ውሾች በዳሌያቸው አጣራ። በ1997 በታተመው ውጤት፣ አምስት ትውልድ ሳይሞላ የጀርመን ሼፐርዶቹ ችግር ከ55 በመቶ ወደ 24 ወረደ። የላብራዶሮቹ ከ30 ወደ 10። ዜሮ አልሆነም። ነገር ግን ከመቶ ሼፐርድ 31ዱ፣ ከመቶ ላብራዶር 20ው ከሕመም ተርፏል። ለእኔ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ ይበቃል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ለአንዳንድ ነገር ይበቃል። ሽንት ውስጥ ጠጠር የሚያመጣው የዩሪክ አሲድ ችግር በዲኤንኤ ይታወቃል፤ ቡልዶግ አርቢ ሁሉ ቢያደርገው እመክራለሁ። በ2018 የጭራውን መጠማዘዝ የሚያመጣ ዘረመልም ተለይቷል። ለቡልዶግ ዳሌ ግን «ደህና ነው» ብሎ የሚመሰክር እንዲህ ያለ አንድ ዘረመል የለም። ጸሐፊው ያሳዩት የዲኤንኤ ወረቀት ስለ ዳሌ አንድም ቃል የለውም።

«ዘሩ ይጠፋል»

ከሁሉም ከባዱ ነጥባቸው ይህ ነው። በንቀት አላየውም። በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የ102 ቡልዶጎች ዘረመል ተመርምሮ ብዝኃነታቸው በጣም የጠበበ መሆኑ ታይቷል። ነገ ጠዋት ራጁ ያላማረ ሁሉ ከማርባት ይውጣ ብንል፣ የቀሩት ጥቂቶች እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ሌላ በሽታ እንጠራለን።

ግን ምርመራ ማለት እንዲህ ማለት ነው ያለ ማን ነው? ውጤቱ ሰባት ደረጃ ያለው ለዚህ ነው። ከባድ ጉዳት ያለበትን ተዉት። ትንፋሹ ጥሩ፣ ልቡ ጤነኛ፣ ጉልበቱ ጠንካራ ሆኖ ዳሌው አጠራጣሪ የሆነ ውሻ ካለ፣ ዳሌዋ ከእሱ ከምትሻል ሴት ጋር አገናኙት። የቡችሎቹንም ራጅ አስነሱ። በየትውልዱ አንድ እርምጃ ወደ ተሻለው ሂዱ። ይህን ለማድረግ ግን ማን ከማን እንደሚሻል ማወቅ ያስፈልጋል። ዘሩ የጠበበውም አንድ ዝነኛ ወንድ መቶ ጊዜ ስለሚፈለግ ነው። ያ ወንድ ዳሌው ሳይታይ መቶ ጊዜ ከወለደ ጉዳቱ ዘሩን ሁሉ ያዳርሳል። ራጅ ብዝኃነትን የሚጠብቅበት መንገድም አለ፤ ስም ያልወጣለት፣ ዋንጫ ያልበላ፣ ግን ዳሌው ያማረ ወንድ ይገኝበታል።

ዘሩን ስለሚያጠፋው ነገር ካነሳን ደግሞ ሌላ በር አለ። በጃንዋሪ 2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ኖርዌይ ውስጥ የእንግሊዝ ቡልዶግንና ካቫሊየር የሚባለውን ትንሽ ውሻ ማርባት ከለከለ። በኖቬምበር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የቡልዶጉን እገዳ አነሳ፤ የካቫሊየሩ ጸና። ኔዘርላንድ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ፊቱ ከመጠን በላይ ያጠረ ውሻ እንዳይረባ ደንቡን በጥብቅ ማስከበር ይዛለች። እነዚህ አገሮች ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ደንብ የሄዱት አርቢዎች ብዙ ስለመረመሩ አይደለም።

ለሚገዛ ሰው

ጸሐፊው ወጪ ያነሳሉ። ራጅና ምዝገባ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። አንድ የቡልዶግ ቡችላ በሺዎች ይሸጣል። አንድ ዳሌ በኦፕሬሽን ማስቀየርም በሺዎች ነው፤ ዳሌው ደግሞ ሁለት ነው። ሒሳቡን እዚህ ላይ ልተወው።

ቡችላ ልትገዙ ካሰባችሁ «በሐኪም ታይተዋል» የሚል ቃል አይብቃችሁ። እኔ ጃምቦን የገዛሁት በዚያ ቃል ነው። የእናትና የአባቱን ሙሉ የተመዘገበ ስም ጠይቁ። የኦኤፍኤ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስሙን አስገብታችሁ ፈልጉ። መጥፎ ውጤት የሚታተመው ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ መሆኑን አትርሱ። ስሙ ካልተገኘ፣ ወይ አልተመረመረም፣ ወይ ውጤቱ አልወጣም። ምክንያቱን ጠይቁ። መጥፎ ውጤቱን ሳይደብቅ የሚያሳይ አርቢ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው አንዲት የ14 ወር ሴት ቡልዶግ እንዳለቻቸው፣ በሚቀጥለው ሰሞኗ ሊያዳቅሏት እንደሆነ ጽፈዋል። ወንድሜ፣ እባክዎ ይታገሷት። የኦኤፍኤ የመጨረሻ ውጤት ለማግኘት አሥር ወር ይቀራታል። ያን ያህል መጠበቅ ካልተቻለ በፔንሂፕ አሁኑኑ መለካት ይቻላል። ሁለቱም ካልሆነ፣ ቢያንስ የሁለቱ ጉልበቶቿ ሎሚ ይዳሰስ። ለዚያ ማደንዘዣ አያስፈልጋትም፤ ነቅታ፣ እርስዎ ጭንቅላቷን እያሻሹላት የሚያልቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ራጁን ያስነሱ ቀን ደግሞ አብረን ብናየው ደስ ይለኛል።